የገዛነውን ዕቃ ማን ያዘዋል? ከጋፋት እቶን እስከ ማይክሮኮንትሮለር

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት በታሪካችን ስሙ የሚነሳው በመድፍ ነው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪስቾና ሚሲዮን የመጡትን ቫልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ቤንደርንና ጓደኞቻቸውን እዚያ አሰፈሩ፡፡ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፡፡ ሙያቸው እንዳልሆነ ቢያስረዱም ንጉሠ ነገሥቱ ሰበቡን አልተቀበሉም፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ እንደገና ተሞከረ፡፡ ከብዙ ድካም በኋላ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ የሚደርሰው ሴባስቶፖል ተሠርቶ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከደብረ ታቦር መቅደላ ደረሰ፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ፡፡ አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩት በዋናነት የጠየቁት የተሠራ መሣሪያ ሳይሆን የሚሠሩ ባለሙያዎችን ነበር፡፡ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ምጽዋ ድረስ ከመጡ በኋላ በእስረኞቹ ጉዳይ ምክንያት ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ፡፡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ደግሞ የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቅቀው ወጡ፡፡ ሴባስቶፖል መቅደላ ተራራ ላይ ቀረ፡፡ ሙያው ግን አልቀረም፤ እጁ የባዕድ ስለነበረ ከባዕዱ ጋር ሄደ፡፡ ዕቃው እኛ ዘንድ፣ ዕውቀቱ ሌላ ዘንድ፡፡

ዛሬ የጋፋት ስም በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላይ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ስሙን መውረስ መልካም ነው፡፡ ይሁንና ስሙ ጥያቄውንም አብሮ ያወርሳል፡፡ ከ150 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ዕቃው እኛ ዘንድ ዕውቀቱ ሌላ ዘንድ የሆነበት ሁኔታ ተለውጧል ወይ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጠባብ በሚመስል፣ ነገር ግን በየቀኑ በሚነካን የሙያ ዘርፍ በኩል ለመመልከት ይሞክራል፡፡ ዘርፉም በመሣሪያዎች ሆድ ዕቃ ውስጥ ለተቀበሩ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ ነው፡፡

በየቤታችን የተደበቀው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ማሽን ነው፡፡ በቁጥር የሚበልጡት ግን ስክሪንም ኪቦርድም የሌላቸው ናቸው፡፡ በካርድ የሚሞላው የመብራት ቆጣሪ ውስጥ አንድ አለ፡፡ በገጠር ቤት የተሰቀለው የፀሐይ ኃይል መብራት ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይራቆት የሚጠብቀው በአንዱ ነው፡፡ የባንክ የገንዘብ መቁጠሪያ፣ የሱቅ የሽያጭ መመዝገቢያ፣ የሆስፒታል ኦክስጅን ማምረቻ፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ ሁሉም ማይክሮኮንትሮለር በሚባል ከጥፍር በማይበልጥ ቺፕ ይታዘዛሉ፡፡ በቺፑ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ፈርምዌር ይባላል፡፡

ብዙውን ጊዜ "ዕቃው ተበላሸ" የምንለው ብረቱ ወይም ሽቦው ሳይነካ ነው፡፡ ትእዛዙ ተበላሽቷል፣ ወይም አምራቹ ካዘዘው ውጪ አልሠራም ብሏል፡፡ በዚህ ጊዜ የአገራችን ጠጋኝ ያለው አማራጭ ቦርዱን በሙሉ አውልቆ ሌላ ቦርድ ከውጭ ማስመጣት ነው፡፡ ቦርዱ ካልመጣ ዕቃው መጋዘን ይገባል፡፡ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ጥግ በጨርቅ ተሸፍነው የቆሙ ማሽኖችን ያየ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡

ከሌላው ፕሮግራሚንግ ምን ይለየዋል?

ለድረ ገጽ ወይም ለስልክ መተግበሪያ የሚጽፍ ፕሮግራመር ከበታቹ ብዙ ንብርብር አለው፡፡ ስለ ማኅደረ ትውስታ የሚያስብለት፣ ስሕተት ሲፈጠር የሚያስጠነቅቀው፣ ማሽኑን ከእሱ የሚሰውርለት ሥርዓት አለ፡፡ ማይክሮኮንትሮለር ላይ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከብረቱ ጋር ፊት ለፊት ነው፡፡ ለምሳሌ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ የተሠራበት ኤ.ቲ.ሜጋ 328ፒ የተባለው ቺፕ ለፕሮግራም 32 ኪሎ ባይት፣ ለሥራ ማኅደረ ትውስታ ደግሞ 2 ኪሎ ባይት ብቻ አለው፡፡ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ሁለቱ ኪሎ ባይት ከ682 ፊደላት በላይ አይዙም፡፡ አንባቢ አሁን ከሚያነቡት አንቀጽ ጋር ያነጻጽሩት፡፡

በዚህ ጥበት ውስጥ መሥራት ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ይጠይቃል፡፡ አንድ አነስተኛ መብራት ለማብራት እንኳ ሬጅስተር በተባለው የቺፑ ሳጥን ውስጥ የትኛው ቢት ምን እንደሚያደርግ ከአምራቹ ዝርዝር ሰነድ፣ ማለትም ከዳታ ሺቱ፣ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፡፡ ሰነዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሉት፡፡ ደረቅ ነው፤ ግን አይዋሽም፡፡ ማንበብ የለመደ ሰው ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቺፕ ፊት አይደነግጥም፡፡

የዕውቀቱን ዋጋ በአንድ ስሌት ማሳየት ይቻላል፡፡ እንበልና አንድ ወጣት የመብራት ፍጆታ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፡፡ መብራት ሲጠፋ ንባቡ እንዳይጠፋ በማሰብ በየደቂቃው በቺፑ ቋሚ ማኅደር ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ይጽፋል፡፡ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ጓደኞቹም ያጨበጭባሉ፡፡ ነገር ግን የዚያ ማኅደር እያንዳንዱ ቦታ አምራቹ ዋስትና የሚሰጥለት ለ100,000 ያህል ጊዜ ለመጻፍ ነው፡፡ በቀን 1,440 ደቂቃ አለ፡፡ ሲካፈል 69 ቀን ይሆናል፡፡ መሣሪያው ሦስተኛው ወር ላይ ከዋስትናው ውጪ ነው፡፡ ዳታ ሺቱን ያነበበ ሰው በየሰዓቱ ቢጽፍ ወይም ቦታ እያቀያየረ ቢጽፍ ያው ቺፕ ከ11 ዓመት በላይ ያገለግለዋል፡፡ ልዩነቱ ምንም ገንዘብ አላስወጣም፤ ዕውቀት ብቻ ነው፡፡

ሌላው ለእኛ አገር በተለይ የሚጠቅመው የኃይል መዋዠቅ ጉዳይ ነው፡፡ የመብራት ኃይል በአንድ ጊዜ ሳይጠፋ ቀስ እያለ ሲወርድ ቺፑ ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ተኝቶ የተሳሳተ ነገር ሊጽፍ ይችላል፡፡ ለዚህም ሲባል ቮልቴጁ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ቺፑን ወዲያውኑ የሚያቆም ጥበቃ በውስጡ ተሠርቷል፡፡ ፕሮግራሙ ሲጠፋበት ራሱን በራሱ እንደገና የሚያስነሳ ውሻ ጠባቂ የሚባል የጊዜ ቆጣሪም አለው፡፡ ሁለቱም ግን ሥራ የሚጀምሩት ሲታዘዙ ነው፡፡ መብራት በማይቋረጥበት አገር ያለ ፕሮግራመር ቢዘነጋቸው ላይቀጣ ይችላል፡፡ በእኛ ሁኔታ ግን መዘንጋታቸው፣ ከተራራ ላይ የተተከለን መሣሪያ አጥፍቶ ለማብራት ብቻ አንድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው፡፡

የአምስት ሚሊዮኑ ዘመቻና የጎደለው ወለል

መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ፕሮግራም መጀመሩ ይታወሳል፡፡ በኢንተርኔት የሚሰጡት ትምህርቶች የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረቶች ናቸው፡፡ ይህን ማጣጣል አይገባም፡፡ ብዙ ወጣቶች በስልካቸው ጭምር የሙያ በር እንዲያንኳኩ ዕድል የሚሰጥ ነው፡፡

ነገር ግን አራቱም ትምህርቶች የሕንፃው የላይኛው ፎቅ ናቸው፡፡ ሁሉም ሌላ ሰው በሠራው ማሽን፣ ሌላ ሰው በጻፈው ሥርዓት ላይ የሚቆሙ ናቸው፡፡ ወለሉን የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ በዘመቻው አይመለስም፡፡

መልሱ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፡፡ ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ፖሊ ቴክኒክ ነበራት፤ የዛሬው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቷ መነሻ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የምህንድስና ትምህርት ደብረ ታቦርን ጨምሮ በየክልሉ ተስፋፍቷል፡፡ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስለ ማይክሮፕሮሰሰር ሳይማር አይመረቅም፡፡ ሆኖም ብዙዎቹ ተመራቂዎቻችን የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን 8086 ቺፕ በኮምፒውተር ማስመሰያ ላይ መማራቸውን ነው፡፡ መርሁን ለማስተማር አሮጌ ቺፕ ነውር የለውም፡፡ ችግሩ ተማሪው በእጁ ያልነካውን፣ ያላቃጠለውን፣ ያልጠገነውን ዕቃ ለፈተና ብቻ ሸምድዶ ማለፉ ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ የሚወስደው የመውጫ ፈተናም ምርጫ በማክበብ የሚመለስ በመሆኑ፣ ተማሪው አንድ የማይሠራ ቦርድ ተሰጥቶት ምክንያቱን ማግኘት ይችል እንደሆነ አይለካም፡፡ የማይለካ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ከትምህርቱ ይወጣል፡፡

ከጉና ግርጌ ሲታይ

ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ቢሮ ሳይሆን ከገሳይ፣ ከክምር ድንጋይ ወይም ከነፋስ መውጫ ሆኖ መመልከት ሌላ ገጽታ ያሳያል፡፡ አካባቢው በቅርብ ዓመታት ብዙ አይቷል፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጉና ግርጌ ደርሶ ነበር፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው የአማራ ክልል ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፡፡ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት ኢንተርኔቱ ሲቆም አብሮ ይቆማል፡፡ በዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወጣት የጠፋበትን ዓመት ማንም አይመልስለትም፡፡

ዝቅተኛው የፕሮግራሚንግ እርከን ከዚህ አንፃር ያልተጠበቀ ጥቅም አለው፡፡ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይያዛል፡፡ ሲ ቋንቋን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ኮምፓይለር ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፡፡ ዳታ ሺቱ የፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይል ነው፡፡ ቦርድ እስኪገኝ ድረስ ቺፑን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፡፡ ቋንቋውም አያረጅም፡፡ ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሲ ዛሬም የዚህ ሙያ ዋና ቋንቋ ነው፡፡ የዛሬ ሃያ ዓመት የታተመ መጽሐፍ ያገኘ ተማሪ አልተጎዳም፡፡

ሥራውስ? ፋርጣና አካባቢው በድንች ይታወቃል፡፡ የዘር ድንች በማከማቻ ውስጥ ሲቆይ ሙቀቱና እርጥበቱ ዕጣውን ይወስናል፡፡ ይህን እየለካ የሚያስጠነቅቅ አነስተኛ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ አንድ መለኪያና ባትሪ ነው፡፡ ነገር ግን እዚህም ዕውቀቱ ይለያል፡፡ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ሁልጊዜ ነቅቶ 20 ሚሊ አምፔር የሚበላን መሣሪያ የሚያቆየው 100 ሰዓት፣ ማለትም አራት ቀን ገደማ ነው፡፡ መሣሪያው በየሩብ ሰዓቱ ለአፍታ ነቅቶ ለክቶ እንዲተኛ ታዝዞ አማካይ ፍጆታው ወደ 0.1 ሚሊ አምፔር ቢወርድ ግን በስሌት 20,000 ሰዓት፣ ከሁለት ዓመት በላይ ይሆናል፡፡ ባትሪው ራሱ የሚያባክነው ቢቀነስም እንኳ አራት ቀንና ዓመታት አንድ አይደሉም፡፡ ቺፑን ማስተኛት የማያውቅ ሰው ገበሬውን በየሳምንቱ ባትሪ ግዛ ይለዋል፡፡ ገበሬውም ሁለተኛው ሳምንት ላይ መሣሪያውን ይጥለዋል፤ እውነቱን ነው፡፡

በዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ አለ፡፡ በገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው ሁለት መስመር ያለው ርካሽ ማሳያ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፡፡ ተጠቃሚው ከራሱ ሊጨምርበት የሚችለው በአንድ ጊዜ 8 ምልክት ብቻ ነው፤ በዚያ አማርኛ አይጻፍም፡፡ ነጥብ በነጥብ የሚሳልበት ማሳያ የተጠቀመ ግን መንገድ አለው፡፡ 33ቱን ፊደላት በሰባቱ ቅርጽ አባዝተን 231 እንበል፡፡ እያንዳንዱ 16 በ16 ነጥብ ሲሳል 32 ባይት ይወስዳል፡፡ ጠቅላላው 7,392 ባይት ነው፤ ቀደም ሲል ከጠቀስነው ትንሽ ቺፕ የፕሮግራም ማኅደር ሩቡን እንኳ አይሞላም፡፡ በአማርኛ የሚያናግር መሣሪያ ይቻላል ማለት ነው፡፡ ይህን የሚሠራልን የውጭ አምራች ግን አይኖርም፤ ገበያችን አያጓጓውም፡፡

"ማን ይቀጥረዋል?"

እዚህ ላይ ወላጅ የሚያነሳውን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም፡፡ ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ሊቀጠር ይችላል፡፡ ከቺፕ ጋር የሚታገለው ልጅ ማን ይከፍለዋል? በአገር ውስጥ የራሳቸውን ቦርድ ነድፈው የሚያመርቱ ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፡፡ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ ዓመታት መጀመሪያ ጀምሮ ቢኖሩም፣ መገጣጠም የተዘጋጀን ቦርድ በተዘጋጀ ሽፋን ውስጥ ማስገባት በመሆኑ የዚህን ዓይነት ባለሙያ እምብዛም አይፈልግም፡፡ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅም አብዛኛው ወጪ በቻይና ተሸፍኖ፣ የተወነጨፈችውም ከቻይና ነበር፡፡

የዕቃ ዋጋም ከባድ ነው፡፡ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 4 ዶላር ነበር፤ ለዓለም ርካሽ ነው፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ በዚህ ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመር ለተማሪ ኪስ ርካሽ የሚባል አይሆንም፡፡

ስለዚህ ሁሉም ወጣት ወደዚህ ይምጣ ማለት ቅንነት የጎደለው ምክር ነው፡፡ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ጥያቄው ከቅጥር በፊት መጀመር አለበት የሚል ነው፡፡ አገሪቱ በየዓመቱ ቆጣሪ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያና የፀሐይ ኃይል ዕቃ እየገዛች ነው፡፡ ዕቃው ባለበት ሁሉ የሚበላሽ ፈርምዌር አለ፡፡ ሥራው አለ፤ ደሞዝ የሆነው ግን ለውጭው አምራች ነው፡፡ እኛ የምንከፍለው የመለዋወጫ ቦርድ ዋጋ ብለን ስለሆነ አይታየንም እንጂ፣ በውስጡ የሌላ አገር ፕሮግራመር ደሞዝ አለበት፡፡

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በመንግሥት ግዢ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፡፡ ብዛት ያለው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት የጥገና ሰነዱን እንዲያስረክብ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ድጋፉን ቢያቋርጥ ደግሞ የፈርምዌሩ ምንጭ በአደራ ከተቀመጠበት ለገዢው እንዲከፈት ይስማማ፡፡ ይህ በሌላው ዓለም የታወቀ አሠራር ነው፡፡ ወጪው ከሚያድነው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ፕሮጀክትን ከወረቀት ያላቅቁ፡፡ በከተማቸው ካለ ሆስፒታል ወይም ውኃ አገልግሎት የማይሠራ አንድ መሣሪያ ተረክበው፣ ሕይወት ላይ አደጋ በማያደርስ ሁኔታ፣ ምክንያቱን የመረመሩ ተማሪዎች ከማንኛውም ማስመሰያ የበለጠ ይማራሉ፡፡ መሣሪያው ባይድን እንኳ ምርመራው ተጽፎ ለቀጣዩ ተማሪ ይቆያል፡፡

ሦስተኛ፣ ለትምህርት የሚውሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ በተቋም ስም ባይመጡም እንኳ፣ በተወሰነ ዋጋ ጣሪያ ከቀረጥ የሚታለፉበት ግልጽ መመሪያ ይኑር፡፡ አሥር ማይክሮኮንትሮለር ያዘዘ ተማሪ እንደ አስመጪ ነጋዴ መታየት የለበትም፡፡

አራተኛው ለራሱ ለተማሪው ነው፡፡ ማንንም ሳይጠብቁ መጀመር ይቻላል፡፡ በሁለትና በአሥራ ስድስት መሠረት መቁጠርን፣ ቀጥሎ ሲ ቋንቋንና ፖይንተርን በደንብ ይያዙ፡፡ ከዚያ ያለ ምንም ዝግጁ ላይብረሪ፣ ሬጅስተሩን ራስዎ አዘው አንድ መብራት ያብሩ፡፡ ሰዓት ቆጣሪውን፣ ማቋረጫውን፣ ቺፖች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ይጨምሩ፡፡ በመጨረሻ ማስተኛትና ራስን ማስነሳት፡፡ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የዓመት ሥራ ነው፡፡ ከተጣለ ቦርድ ላይ የተነቀለ ቺፕም ለመማሪያ ይበቃል፡፡

የሴባስቶፖል አምሳያ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ በየቀኑ እናልፈዋለን፡፡ የቆመው እንደ ጀግንነት ምልክት ነው፤ ይገባዋል፡፡ ነገር ግን ሌላም ነገር ያስታውሰናል፡፡ ጋፋት የከሸፈው መድፉ ስላልተሠራ አልነበረም፤ ተሠርቷል፡፡ የከሸፈው ሠሪዎቹ ሲሄዱ በእነሱ እግር የሚተካ የአገር ልጅ ስላልነበረ ነው፡፡ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው፡፡ በቆጣሪያችን ውስጥ ያለው፣ በሕፃኑ ማሞቂያ ውስጥ ያለው ትእዛዝ እስካሁን የሰው ወርቅ ነው፡፡ በጋፋት ስም የተሰየመው ኢንስቲትዩትም ሆነ ሌሎቹ የሚመዘኑት በሚያስመርቁት ቁጥር ሳይሆን፣ ባለሙያው ከአገር ቢወጣ፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ዕቃውን ከፍቶ የሚያዘው ሰው በከተማቸው መኖር አለመኖሩ ነው፡፡